የአገዳ ጨዋታ የልኬት ትምህርት መነሻ ነው

የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ውቂያው ሲጀመር በማሳ ላይ የቀረው የማሽላና የበቆሎ አገዳ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይፈለጋል። ከሁሉ ቀድመው የሚሻሙት ግን ሕፃናት ናቸው። አንዱ ፈረስ አድርጎ ይጋልበዋል፤ ሌላው ጎጆ ይቀልስበታል፤ ሦስተኛው ጦር ነው ብሎ ይሰብቀዋል። ብዙም ሳይቆይ "የኔ ይረዝማል!" "የለም፣ የኔ ነው የሚረዝመው!" የሚል ክርክር ይነሣል። አንደኛው ክንዱን ዘርግቶ አገዳውን ወደ ላይ ያነሣል። ሁለተኛው በእግሩ ጣቶች ቆሞ የራሱን ከዚያ በላይ ያደርጋል። ክርክሩ የሚቆመው ከመካከላቸው በዕድሜ ከፍ ያለው ልጅ ሁለቱን አገዳዎች ተቀብሎ፣ ግርጌያቸውን መሬት ላይ አስተካክሎ፣ ጎን ለጎን አቁሞ ሲያሳያቸው ነው። ያን ጊዜ የተሸነፈውም ልጅ ቢሆን አይከራከርም፤ በዓይኑ አይቷልና።

ይህ በየመንደሩ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ልብ አይለውም። ነገር ግን ሕፃናቱ በዚያች አጭር ጊዜ የልኬት ትምህርት ዋና መሠረት የሆነውን ሕግ አግኝተዋል። ሁለት ነገሮችን በርዝመት ለማወዳደር በመጀመሪያ መነሻቸውን እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። መነሻው እኩል ካልሆነ ፍርዱ አይቀናም።

እነዚሁ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲገቡ "አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው" የሚለውን ቃል በኅብረት እየደጋገሙ ያጠናሉ። ሜዳ ላይ በአገዳ ያወቁትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር የሚያገናኝላቸው ሰው ካላገኙ ግን ሜትር ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። ማስመሪያ በእጃቸው ሲገባ ከየት መጀመር እንዳለባቸው አያውቁም። አንዳንዱ ከዜሮ፣ አንዳንዱ ከ1፣ አንዳንዱ ደግሞ ከማስመሪያው ጫፍ ይጀምራል። ነገሩ ያልገባው ልጅ "ሰነፍ" የሚል ስም ይወጣለታል። ስም የወጣለት ልጅ ደግሞ ከትምህርት ገበታው ይልቅ ወደ ከብቶቹ መመለስን ይመርጣል። በመሆኑም ይህ ጉዳይ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን አንድ ልጅ በትምህርቱ የመዝለቅና ያለመዝለቅ ጉዳይ ነው።

ልኬትና ገበሬው

የገበሬው ሥራ ከልኬት ተለይቶ አያውቅም። ሞፈር ሲጠረብ ከቀንበሩና ከበሬዎቹ ቁመት ጋር ይመዛዘናል። ጎጆ ሲቀለስ ምሰሶው፣ ማገሩና ወራጁ ይለካካል። ለዚህም አባቶች ከገዛ አካላቸው ያወጧቸው መለኪያዎች አሉ። ጋት የአራት ጣት ስፋት ነው። ስንዝር ከተዘረጋ አውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ሲሆን ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። እርምጃና ጫማ ለመሬት፣ ክንድ ለሸማና ለገመድ ሲያገለግሉ ኖረዋል። መሬት ይለካበት የነበረው ገመድ ስም፣ ቃላድ፣ እስከ ዛሬም ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ልኬት ከቀድሞው ይበልጥ ወደ ማሳው ገብቷል። ጤፍ በመስመር ሲዘራ በመስመሮቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር፣ በቆሎ ሲዘራ ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲተው የእርሻ ባለሙያዎች ይመክራሉ። የእርከን ሥራ ያለ ልኬት አይሞከርም። ችግኝ የሚተከልበት ጉድጓድ ጥልቀትና ከጎረቤቱ ጉድጓድ ያለው ርቀት ይለካል።

ከዚህም ሌላ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከማንም የበለጠ የሚያውቁት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም የድንበር ክርክር ነው። አንዱ ባለ ጉዳይ ረጅም ሰው ሆኖ በእርምጃው ይቆጥራል፤ ሌላው አጭር ሆኖ በራሱ እርምጃ ይቆጥራል። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም አይስማሙም። ወይም ደግሞ አንደኛው ገመዱን ከግራሩ፣ ሁለተኛው ከድንጋዩ ይጀምራል። የመነሻና የመለኪያ ልዩነት የወለደው ክርክር ከሽማግሌ ወደ ሸንጎ፣ ከሸንጎ ወደ ፍርድ ቤት እየሄደ ስንት የሥራ ቀን እንደሚበላ ለመሪዎች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ልጆች ገና በጨዋታ ዘመናቸው ፍትሐዊ አለካክን ቢለምዱ፣ ነገ ይዞታቸውን ሲያስለኩ፣ ሸማ ሲገዙ ወይም ድንበር ሲያካልሉ የማይታለሉና የማያታልሉ ሰዎች ይሆናሉ።

ሕፃን ርዝመትን እንዴት ያያል?

አንባቢ ይህንን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ማታ ከእራት በኋላ ሁለት እኩል የሆኑ ስንደዶዎችን ወስደው፣ ጫፍና ጫፋቸውን አስተካክለው በአምስት ዓመት ልጅዎ ፊት ያስቀምጡ። "እነዚህ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይረዝማል?" ብለው ይጠይቁት። "እኩል ናቸው" ይላል። ቀጥለው እያየ አንደኛዋን ስንደዶ በጣት ርቀት ወደ ፊት ገፋ ያድርጓት። እንደገና ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ወደ ፊት የወጣችውን ስንደዶ እያሳየ "ይቺ ትረዝማለች" ይላል።

ልጁ አልዋሸም፤ ሞኝም አይደለም። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ባርቤል ኢንሄልደርና አሊና ሼሚንስካ ከተባሉ ባልደረቦቹ ጋር ሕፃናት ስለ ቅርፅና ስለ ልኬት ያላቸውን አስተሳሰብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ዓይነት ሙከራ ገልጿል። በእርሱ አስተያየት እስከ 6 እና 7 ዓመት ገደማ ያሉ ብዙ ሕፃናት የሚያዩት የአንዱን ጫፍ መውጣት ብቻ ነው። በሌላኛው በኩል ያንኑ ያህል ወደ ኋላ መቅረቱን አያመዛዝኑም። እንደዚሁም የተጠማዘዘ ገመድና ቀጥ ያለ በትር ጫፍና ጫፋቸው ከተገጣጠመ "እኩል ናቸው" ይላሉ። የሚመለከቱት ሁለቱን ጫፎች እንጂ በመካከል ያለውን መንገድ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ሕፃኑን በንግግር ብዛት ማሳመን እንደማይቻል ነው። "እኩል ናቸው አልኩህ!" ብሎ መቆጣት ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም። ልጁ ራሱ ስንደዶውን ገፍቶ፣ መልሶ፣ ደራርቦ፣ ደጋግሞ ሲያየው ግን ቀስ በቀስ ይገባዋል። በዚህ ዕድሜ እጅ ከጆሮ ይልቅ ይማራል።

በቃላት በኩልም የሚታይ ችግር አለ። ለትንሽ ልጅ ሁሉም ነገር "ትልቅ" ወይም "ትንሽ" ነው። ረጅሙም ሸምበቆ ትልቅ ነው፤ ወፍራሙም ግንድ ትልቅ ነው፤ ሰፊውም ሰፌድ ትልቅ ነው። አንድ ቀጭን ረጅም ሸምበቆና አንድ ወፍራም አጭር ጉማጅ አቅርበን "የቱ ይበልጣል?" ብንለው ይደናገራል። ጥያቄው ራሱ ግልጽ ስላልሆነ መደናገሩ ትክክል ነው። ስለዚህ "የቱ ይረዝማል? የቱ ይወፍራል?" እያሉ ረጅምና አጭርን፣ ወፍራምና ቀጭንን፣ ሰፊና ጠባብን፣ ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነን ለይቶ መጥራት የትምህርቱ ግማሽ አካል ነው።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም

ኢጣሊያዊቷ ሐኪምና መምህርት ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፍታ ነበር። ለሕፃናት ካዘጋጀቻቸው መማሪያዎች አንዱ ቀይ የተቀቡ 10 የእንጨት በትሮች ናቸው። የሁሉም ውፍረትና ቀለም አንድ ነው። የሚለያዩት በርዝመታቸው ብቻ ሲሆን የመጀመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 30 እያለ አሥረኛው አንድ ሜትር ይደርሳል። ሕፃኑ በትሮቹን ከረጅሙ እስከ አጭሩ በተራ ሲደረድራቸው ደረጃ የመሰለ ቅርፅ ይወጣል። አንዱን ያለ ቦታው ቢያስገባው ደረጃው ይሰበራል፤ ልጁም ማንም ሳይነግረው ስሕተቱን ያያል። የመሣሪያው ብልሃት እዚህ ላይ ነው።

ይህንን መሣሪያ ከሱቅ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል። ብልሃቱን ለመውሰድ ግን ገንዘብ አያስፈልግም። በአገራችን ገጠር የማሽላ አገዳ፣ ሸምበቆ፣ ቀርከሃ ወይም ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የማይገኝበት ሥፍራ ጥቂት ነው። ውፍረታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን መርጦ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቆርጦ፣ ጫፋቸውን በካራ አለስልሶ ለአንድ ክፍል ሦስትና አራት ነዶ ማዘጋጀት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ነዶው ቢሰበርና ቢጠፋ በሚቀጥለው መኸር ሌላ ይተካል። በጥንቃቄ ተቆልፎበት ሕፃናት የማይነኩት የተገዛ መጫወቻ ግን ለማንም አይጠቅምም።

ሌላው ዕቃ በየቤቱ አለ። እናቶች መሶብና ሰፌድ የሚሰፉበት ስንደዶና አክርማ ረጅሙን ከአጭሩ ለመለየት የተመቸ ነው። ለእንስሳት ማሰሪያ የሚሆነው ገመድ፣ መራን፣ የጅራፍ ጉንጉን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ፣ ለቡሄና ለመስቀል የሚታሠረው ችቦ ሁሉ የርዝመት ትምህርት ዕቃዎች ናቸው። በብይ ጨዋታም ቢሆን ልጆች የትኛው ብይ እንደሚቀርብ በስንዝር ሲለካኩ ይታያሉ። ትምህርቱ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን በመንደሩ ውስጥ ያለ ነው፤ የሚጎድለው አስተውሎ የሚያደራጀው ሰው ነው።

ስድስት ጨዋታዎች

ቀጥሎ የተመለከቱት ጨዋታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ናቸው። በአንድ ቀን ሁሉንም ማጫወት አይገባም። አንዱን ጨዋታ ሕፃናት እስኪጠግቡት ድረስ ለቀናት መደጋገም ይሻላል።

አንደኛ፤ የጭብጥ ጨዋታ። መምህርቷ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት ስንደዶዎችን በጭብጧ ትይዛለች። ከጭብጧ በላይ የሚታየው ጫፍ እኩል ሲሆን የቀረው በእጇ ውስጥ ተሰውሯል። ልጆች "የቱ ይረዝማል?" ተብለው ይገምታሉ፤ ቀጥለው አንዳንድ ይመዛሉ። ሳቅ የሚበዛበት ጨዋታ ነው። ሕፃናቱ ግን በአንድ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ አይቶ መፍረድ እንደሚያሳስት በዚህ ይረዳሉ። ቀጥሎም ራሳቸው እየጨበጡ መምህርቷን እንዲያስገምቷት ተራ ይሰጣቸዋል።

ሁለተኛ፤ የጓደኛ ፍለጋ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አገዳ ይሰጠዋል። ከተሰጡት መካከል ሁለት ሁለቱ እኩል ናቸው። ልጆች በሜዳው እየተዘዋወሩ አገዳቸውን ከሌላው አገዳ ጋር እያስተካከሉ እኩያውን ይፈልጋሉ። ያገኙት ተያይዘው ይቀመጣሉ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ልጅ ሳይሰለች ብዙ ጊዜ ያወዳድራል። ዓይን አፋሩም ልጅ ከሌሎች ጋር መነጋገር ይጀምራል።

ሦስተኛ፤ የመሰላል ጨዋታ። አምስት፣ ኋላም እስከ አሥር የሚደርሱ አገዳዎችን ከአጭሩ ጀምሮ እስከ ረጅሙ መደርደር ነው። ግርጌያቸው እንዲስተካከል አንድ ወፍራም እንጨት መሬት ላይ ይጋደምና ሁሉም ከእርሱ ይጀምራሉ። ልጆቹ ከጨረሱ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው መምህርቷ አንዱን አገዳ ታወጣለች። ክፍተቱን አይተው የጎደለው ወዴት እንደነበረ ይናገራሉ። አንድ አገዳ ከአንዱ የሚረዝም፣ ከሌላው ደግሞ የሚያጥር መሆኑ ለሕፃን አዲስ ነገር ነው። "ረጅም" የሚባል ነገር ብቻውን እንደሌለ፣ ከሌላ ጋር ሲወዳደር ብቻ እንደሚታወቅ እዚህ ላይ ይገለጥለታል።

አራተኛ፤ የሁለት ካብ ጨዋታ። አንዱ ቡድን በመሬት ላይ፣ ሌላው ቡድን በጉቶ ወይም በመደብ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየደራረበ ካብ ይሠራል። ትዕዛዙ ሁለቱ ካቦች እኩል ቁመት እንዲኖራቸው ነው። ትንንሾቹ መጀመሪያ የሚያስተካክሉት የካቦቹን ራስ ብቻ ነው። "የነሱ ከጉቶ ላይ ነው የጀመረው!" ብሎ የሚጮህ ልጅ እስኪገኝ መጠበቅ ነው። ያ ድምፅ ሲሰማ ትልቅ ትምህርት ተገኝቷል ማለት ነው። ካቦቹን አንሥቶ ጎን ለጎን ማድረግ ስለማይቻል ልጆቹ መላ ይፈልጋሉ። አንዱ በክንዱ፣ ሌላው በአገዳ የአንደኛውን ቁመት ወስዶ ወደ ሁለተኛው ያመጣል። ገበሬው ገመድ ይዞ ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄድበት ምክንያትም ይኸው ነው። ማሳን ከማሳ አጠገብ አምጥቶ ማስተያየት አይቻልምና።

አምስተኛ፤ የእርምጃ ጨዋታ። ከዛፉ ሥር እስከ ክፍሉ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ አንድ ልጅ ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ይቆጥራሉ። ልጁ 30 ያለውን አባት 14 ቢሉ ሕፃናቱ በጣም ይገረማሉ። "በሩ ቀረበ እንዴ?" ተብለው ይጠየቃሉ። መንገዱ እንዳልተለወጠና የተለወጠው እርምጃው መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ በትር ተመርጦ "የሁላችን በትር" ይባላል። ማንም ቢለካበት ቁጥሩ አንድ ይሆናል። ሜትር ማለት የመላው ዓለም "የሁላችን በትር" መሆኑ ለልጅ የሚገባው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 አገሮች በፓሪስ ተሰብስበው የሜትርን ስምምነት የፈረሙትም በየአገሩ ያለው የመለኪያ ልዩነት ንግድንና ሥራን ስላወከ ነበር።

ስድስተኛ፤ የጥላ ጨዋታ። ይህ በተለይ ከብት ለሚጠብቁ ልጆች የተመቸ ነው። ጠዋት አንድ በትር መሬት ላይ ተተክሎ የጥላው ጫፍ በጠጠር ምልክት ይደረግበታል። ረፋድ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይና ከሰዓት በኋላ እንደገና ምልክት ይደረጋል። በትሩ ሳይለወጥ ጥላው አጥሮ ይረዝማል። በአገራችን ካህናትና ሽማግሌዎች የሰውን ጥላ በጫማ እየለኩ ሰዓት ይናገሩ ስለነበር አያቶች ይህን ልማድ ለልጆች ቢያጫውቱ ትምህርቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

"እንዴት አወቅህ?"

ጨዋታው ብቻውን በቂ አይደለም። ሕፃን በጨዋታ ያገኘውን ወደ ዕውቀት የሚለውጠው የመምህርቷ ጥያቄ ነው። ከጥያቄዎች ሁሉ ዋናው "እንዴት አወቅህ?" "እንዴት አወቅሽ?" የሚለው ነው። ልጁ "ይሄ ይረዝማል" ሲል ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ይኸው ጥያቄ ይቀርብለታል። ስሕተት ሲሆን ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ጥያቄውን እንደ ቁጣ ይቆጥረዋል።

አንድ ልጅ አገዳዎቹን ሳያስተካክል ቢፈርድ "አይደለም" ከማለት ይልቅ "ጓደኛህ ደግሞ የኔ ይረዝማል ይላል፤ እንዴት እናስታርቃችሁ?" ማለት ይሻላል። ልጁ ማስተካከያውን ራሱ ይፈልጋል። ማስመሪያና ቁጥር ለማስተማር መቸኮልም አያስፈልግም። ያለ ቁጥር "ይረዝማል፣ ያጥራል፣ እኩል ነው" ማለት የቻለ ልጅ በኋላ ቁጥሩ ሲመጣለት የሚያስርበት ምሰሶ አለው። ምሰሶ ሳይተከል ማገር አይታሠርም።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

የአገዳና የሸምበቆ ጫፍ ዓይን ይወጋል፤ ልጣጩም እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ስለዚህ ጫፉ ሳይለሰልስ ለልጅ አይሰጥም። ረዣዥም በትሮች የሚነሡት ተቀምጠው ወይም ቆመው ለሚሠሩ ጨዋታዎች እንጂ ለሩጫ አይደለም። ገመድ በአንገት ላይ እንዳይጠመጠም አዋቂ ሰው መከታተል አለበት። አገዳው በፀረ ተባይ መድኃኒት አጠገብ የተቀመጠ እንዳይሆንም ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ የልጆችን ቁመት በማስተያየት የሚደረግ ጨዋታ ብልሃት ይጠይቃል። ከእኩዮቹ አጥሮ የሚታየው ልጅ ምናልባት በሕፃንነቱ በቂ ምግብ ያላገኘ ወይም በሕመም የተጎዳ ሊሆን ይችላል። በእርሱ ላይ መሳቅ የተጎዳውን እንደገና መጉዳት ነው። ቁመት ማስተያየት ካስፈለገ እያንዳንዱ ልጅ ባለፈው ዓመት በግድግዳው ላይ ከተደረገለት ምልክት ጋር ከራሱ ቁመት ጋር ይወዳደር። ያን ጊዜ ሁሉም አድጎ ይገኛል። ምልክቱ ያልጨመረ ልጅ ካለ ደግሞ ወላጆቹ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይዘውት እንዲሄዱ መምከር ይገባል።

ሴት ልጆችም ሊዘነጉ አይገባም። ውኃ በመቅዳትና ታናናሾቻቸውን በማዘል ምክንያት ከጨዋታው የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ከጨዋታ የቀረች ልጅ ከትምህርትም ቀርታለች።

ከመሪዎች ምን ይጠበቃል?

ገበሬ ማኅበራት ለሕፃናት ትምህርት እንግዳ አይደሉም። ማኅበራቱ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በተቋቋሙባቸው ዓመታት በየአካባቢው በራሳቸው ጉልበትና መዋጮ አፀደ ሕፃናት ሠርተዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወላጆችንና ኅብረተ ሰቡን ከሥራው ባለቤቶች መካከል አድርጎ ያያቸዋል። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የዜሮ ክፍል ትምህርት በብዙ ሥፍራ ተስፋፍቷል። ከሕፃን ለሕፃን በተሰኘው ዘዴም ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ ለትምህርት ያዘጋጃሉ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት መድቧል።

እነዚህ በወረቀት ላይ ያሉ በጎ ሐሳቦች በገጠር ቀበሌ ውስጥ ሥጋና ደም የሚለብሱት በመሪዎች ትጋት ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር በመመካከር ሊፈጸሙ የሚችሉ ሥራዎች ብዙ ናቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ ቦታ ያስፈልጋል። ለዜሮ ክፍል ሕፃናት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጉረው ፊደል ከመጮኽ ይልቅ ጥላ ያለው የታጠረ ሜዳ ይጠቅማቸዋል። ዳስ መጣልና አጥር ማጠር ለማኅበሩ አባላት ከባድ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው። በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር አገዳው በሚገኝበት ወቅት እያንዳንዱ ወላጅ አንድ እስር የተስተካከለ አገዳ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲያመጣ በስብሰባ ሊወሰን ይችላል። በቀበሌው ያለው አናጢ ወይም የልማት ሠራተኛ በሜትር ለክቶ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ በትር ቢያዘጋጅ ለክፍሉ ቋሚ "የሁላችን በትር" ይሆናል።

ሦስተኛው ሰው ነው። ሸማኔው በክንድ እንዴት እንደሚለካ፣ ሰፌድ ሰፊዋ እናት ስንደዶ እንዴት እንደምትመርጥ፣ አራሹ ሞፈሩን ከቀንበሩ እንዴት እንደሚያመዛዝን በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ለሕፃናት ቢያሳዩ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣሉ። ልጆችም የወላጆቻቸው ሙያ ዕውቀት መሆኑን ያያሉ።

አራተኛው ጊዜ ነው። የከብት ጥበቃ ተራ በመንደር በመንደር ሆኖ ቢደራጅ አንድ ልጅ በየቀኑ ከትምህርት አይቀርም። ይህንን ማደራጀት ከመሪዎች በቀር የሚችል የለም።

በመጨረሻም ወላጆችን ማስረዳት የመሪዎች ድርሻ ነው። "ልጄን የላክሁት እንጨት እንዲያጋጥም አይደለም፤ ፊደል እንዲቆጥር ነው" የሚል ወላጅ ይኖራል። አነጋገሩ ለልጁ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ከሁሉ የሚሻለው መልስ ራሱን ጠርቶ የካቡን ጨዋታ እንዲመለከት ማድረግ ነው። የገዛ ልጁ "እነሱ ከጉቶ ላይ ነው የጀመሩት፤ ልኩ አይደለም!" ብሎ ሲከራከር የሰማ አባት ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። እርሱም በድንበሩ ላይ ሲከራከርበት የኖረው ይኸው ነውና።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል ይባላል። በአምስትና በስድስት ዓመት ያለፈ የጨዋታ ትምህርትም በኋላ በብዙ ድካም እንኳ በቀላሉ አይተካም። ከየቤቱ መጽሐፍና መጫወቻ አይቶ ያደገ ልጅና ከበረት የመጣ ልጅ በአንደኛ ክፍል በር ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሚረዝም መስሎ ይታያል። ነገር ግን አንዱ ቆሞ የነበረው ከጉቶ ላይ ነው። የሁለቱን መነሻ እኩል ማድረግ በገጠር ለሚገኙ መሪዎች የተሰጠ ሥራ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ዕቃ በየማሳው ላይ ወድቆ ይገኛል።